የኮሌጅ ፉትቦል፦ ረዳት አሠልጣኝ ሲለቅ መቼ ነው መደንገጥ ያለብን?

አራተኛ_ዳውን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ረዳት አሠልጣኞች ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ)። ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ ባለው ጊዜ ከአንድ ቡድን ሦስት አራት ረዳት ሲወጣ በየዓመቱ እናያለን። ወሬው ግን ሁሉንም አንድ አድርጎ ያራግበዋል፤ የማጥቃት አስተባባሪው ቢሄድም፣ የታይት ኤንድ (ከመስመሩ ጫፍ የሚሰለፍ ተቀባይ) አሠልጣኙ ቢሄድም «ቡድኑ ፈረሰ» ይባላል። ዋና አሠልጣኙ ኒክ ሳባን አላባማ ላይ አስተባባሪ በላይ በላዩ እየተቀያየረበት ስድስት ዋንጫ በላ። ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት) ደግሞ በ2019 15 ተጫውቶ 15ቱንም ካሸነፈ በኋላ የማጥቃቱ ረዳት ጆ ብሬዲ ወደ ኤንኤፍኤሉ (የፕሮፌሽናል ሊጉ) ካሮላይና ፓንተርስ፣ የመከላከል አስተባባሪው ዴቭ አራንዳ ወደ ቤይለር ሄዱ፤ በ2020 አምስት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የሄደውን ሰው ቁጥር ከመቁጠር ያለፈ፣ ጉዳቱን አስቀድሞ የሚያሳይ ምልክት አለ? የውል ነገር የሚገባችሁም ካላችሁ እባካችሁ አብራሩልኝ።

ፕሌይ_ጠሪ፦

ወንድሜ፣ እኔ ቀድሜ የማየው የጨዋታው ቋንቋ የማን እንደሆነ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለአሰላለፉ፣ ለሪሲቨሮቹ (ኳስ ተቀባዮቹ) ሩጫ፣ ለኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው) ጥበቃው የየራሱ ቃል አለው። ቃሉ የዋና አሠልጣኙ ከሆነ አስተባባሪው ቢሄድም ቤቱ አይናጋም። የአስተባባሪው ከሆነ ግን ሰውየው መዝገበ ቃላቱን ይዞት ይሄዳል። ሳባን ዘንድ የቡድኑን ቃል የሚማረው አዲስ የመጣው አስተባባሪ ነበር። ጂም ማኬልዌይን፣ ዳግ ነስማየር፣ ሌን ኪፊን፣ ብራያን ዳቦል፣ ማይክ ሎክስሊ፣ ስቲቭ ሳርኪዥያን ሲፈራረቁ ተጫዋቹ በየዓመቱ ከሀ ሁ አልጀመረም። ዋና አሠልጣኙ ራሱ ጨዋታ የሚጠራበት (እያንዳንዱን ሙከራ የሚመርጥበት) ቡድን ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ «አስተባባሪ» የሚለው ማዕረግ አንዳንዴ ከምልመላና ከደመወዝ ጋር እንጂ ከጨዋታ ጥሪ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ዜናውን ስታነብ ጨዋታ የሚጠራው ማን እንደነበር አጣራ፤ ርዕሱ ላይ አይጻፍም።

ቋንቋ ሲቀየር የሚበላሸውን በቅርብ ለማየት የኳርተርባክ ጥበቃን ብቻ እንውሰድ። በአንዱ ዘዴ እያንዳንዱ የመስመር ተጫዋች ሰው ይይዛል፦ አምስቱ አጥቂ መስመረኞች አራቱን የፊት ተከላካዮችና ሴንተሩ (የመስመሩ መሐል ተጫዋች) «ማይክ» ብሎ የጠቆመውን ላይንባከር (ከፊት ተከላካዮቹ ኋላ የሚቆመውን) ይከፋፈላሉ። በሌላው ዘዴ ሰው የለም፣ ክፍተት ነው የሚጠበቀው፤ ጥሪው ወደ ግራ ከሆነ አምስቱም በየግራቸው ያለውን ክፍተት ይዘጋሉ። አሁን አዲስ የመስመር አሠልጣኝ መጥቶ ቡድኑን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ቀየረው እንበል። የቀኝ ጋርዱ (ከሴንተሩ በቀኝ ቀጥሎ ያለው) ሁለት ዓመት ሙሉ የለመደው ከፊቱ በውጪ ትከሻው በኩል የቆመውን ሰው መያዝ ነው። ኳሱ ሲነሣ እግሩ በልማድ ወደዚያ ይሄዳል። ያንን ሰው ግን በአዲሱ ጥሪ የቀኝ ታክሉ (ከጋርዱ ውጪ ያለው) እየመጣለት ነው። ሴንተሩም ወደ ግራ ሄዷል። ሁለት ሰው አንድ ተከላካይ ላይ ተደርቦ በሴንተሩና በጋርዱ መካከል ያለው በር ክፍት ይቀራል፤ ላይንባከሩ በዚያ ገብቶ ሪሲቨሮቹ ገና ሳይታጠፉ ኳርተርባኩን ይጥለዋል። በቴሌቪዥን የሚባለው «መስመሩ ደካማ ነው» ነው። ልጁ ደካማ አይደለም፤ የሰማው ቃል አሮጌውን ትርጉም ይዞበታል።

ይህን ለማረም ያለው ጊዜ ትንሽ ነው። የስፕሪንግ (የጸደይ) ልምምድ በ34 ቀን ውስጥ 15 ጊዜ ብቻ ነው። በውድድር ወቅት የሚፈቀደው በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት ያልበለጠ ነው፤ ከውድድር ውጪ ደግሞ በሳምንት 8 ሰዓት። ቋንቋ የቀየረ ቡድን ከ15ቱ ልምምድ ብዙዎቹን ስም በማስጠናት ይጨርሳቸዋል፤ ያልቀየረው በዚያው ጊዜ የሦስተኛ ዳውን (ከአራቱ ሙከራ የሦስተኛው) ሁኔታዎችን ይለማመዳል። ከአስተባባሪዎቹ ቀጥሎ የማጥቃት መስመር አሠልጣኝ መልቀቅ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው። አምስት ሰው እንደ አንድ የሚንቀሳቀስበት ሌላ ክፍል ሜዳው ላይ የለም።

ሁለት_ሴፍቲ፦

ስለ ኤልኤስዩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይጠቅሰዋልና። ሁሉም የሚያወራው ስለ ብሬዲ ነው፤ ጎልቶ የታየው ስብራት ግን በመከላከሉ በኩል ነበር። አራንዳ ሦስት የፊት ተከላካይና አራት ላይንባከር ባለው አሰላለፍ ነበር የሚሠራው። በእሱ ቦታ የመጣው ቦ ፔሊኒ ወደ አራትና ሦስት ለወጠው። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2020 በመክፈቻው ጨዋታ አሠልጣኙ ማይክ ሊች የሚመራው ሚሲሲፒ ስቴት መጣ፤ ኳርተርባኩ ኬጄ ኮስቴሎ 623 ያርድ ወርውሮ የኤስኢሲን (የሁለቱ ቡድኖች ኮንፈረንስ፣ ማለትም የውድድር ምድብ) ሪከርድ ሰበረ፣ ጨዋታውም 44 ለ 34 በሚሲሲፒ ስቴት አሸናፊነት አለቀ። ኤልኤስዩ አብዛኛውን ሰዓት ሰው በሰው ነበር የሚይዘው፤ የሊች ማጥቃት ደግሞ እርስ በርስ በሚተላለፉ አጫጭር ሩጫዎች ሰው በሰው የሚይዝን ቡድን እንዲፈታ ሆኖ የተሠራ ነው። ፔሊኒ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ተሰናበተ።

ይህን ስል ሁሉንም በአሠልጣኝ ላይ መከመሩም ልክ አይደለም። ከዚያ ቡድን 14 ተጫዋች በ2020 ወደ ኤንኤፍኤል ተመርጧል፣ ሪሲቨሩ ጃማር ቼዝ በ2020 ላለመጫወት ወሰነ፣ በወረርሽኙ ምክንያትም የስፕሪንግ ልምምዱ ተቋረጠ። አዲስ አሰላለፍ የሚለመደው በነዚያ 15 ልምምዶች ነበር፤ እነሱ ሲጠፉ የአስተባባሪው ለውጥ ዋጋው እጥፍ ሆነ።

የመከላከል አስተባባሪ ሲቀየር እንግዲህ ሰውየው የሚፈልገውን የሰውነት ዓይነት እይ። አንድ ክፍተት ብቻ ይዞ ወደ ፊት የሚፈነጠር 260 ፓውንድ ተከላካይ፣ ነገ ከፊቱ ያለውን መስመረኛ ተሸክሞ ሁለት ክፍተት እንዲጠብቅ ቢታዘዝ አይችልም። ጎበዝ ተጫዋች አንድ ክረምት ላይ የማይረባ የሚመስለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። አስተባባሪው ከነባሮቹ ጋር የሚስማማ አሰላለፍ ካመጣ አትደንግጥ። ካላመጣ ሁለት የምልመላ ዓመት ወይም ብዙ የፖርታል ግዢ (በዝውውር ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ ተጫዋች) ይጠብቅሃል።

ውል_አንባቢ፦

የውሉን ነገር እኔ ልመልስ። የቦታ አሠልጣኞች (እንደ መስመር ያለ አንድ ክፍል ብቻ የሚያሠለጥኑ) ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ የአስተባባሪዎች ሁለትና ሦስት ዓመት ይደርሳል። አሠልጣኙ በፈቃዱ ሲለቅ ለዩኒቨርሲቲው የሚከፈል የማፍረሻ ክፍያ ይኖራል፤ በተግባር የሚከፍለው የወሰደው ትምህርት ቤት ነው። መጠኑ በየዓመቱ ይቀንሳል። ዋናው ነገር ግን የነጻ መውጫ አንቀጹ ነው፦ ብዙ የአስተባባሪ ውሎች ሰውየው ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ከሄደ ክፍያውን ይሰርዙለታል፣ አንዳንዶቹ ወደ ኤንኤፍኤል ሲሄድም እንዲሁ። በዚያው ኮንፈረንስ ወዳለ ተፎካካሪ በእኩል ማዕረግ ከሄደ ግን ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። ስለዚህ ትልቅ የማፍረሻ ክፍያ ሰውን የሚያስቀረው ወደ ጎን እንዳይሄድ እንጂ ወደ ላይ እንዳይወጣ አይደለም። በትልልቆቹ ዘንድ ወደ ጎን መሄዱም ውድ ሆኗል፤ ጂም ኖውልስ በጃንዋሪ 2025 ከኦሃዮ ስቴት ጋር ዋንጫ ካነሣ በኋላ ወደ ፔን ስቴት የሄደው በዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ትምህርት ቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበተው ደግሞ የቀረውን ደመወዝ ይከፍላል፤ አዲስ ሥራ ሲያገኝ የሚቀነስበት አንቀጽ ካለ የሸክሙ መጠን ይቀንሳል። አንቀጹ የሌለበት ውል ቡድኑ ሊቀይረው የሚፈልገውን ረዳት አንድ ዓመት ጨምሮ እንዲታገሥ ያደርገዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውሎች በአብዛኛው በክልሉ የመረጃ ሕግ መሠረት በጥያቄ ይገኛሉ፤ እንደ ኖትር ዴም ያሉ የግል ተቋማት ግን አይገደዱም። ውሉን ስታገኝ መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን ፈልግ። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የሚያበቃ ሆኖ እስከ ዲሴምበር ካልታደሰ፣ ሰውየው እየሄደ ነው ወይም እየተሸኘ ነው።

የቀን መቁጠሪያው አሁን ከድሮው ይበልጥ ተጫዋቹን ይጎዳል። የመጀመሪያው መፈረሚያ በዲሴምበር መጀመሪያ ነው። ለ2026 የትራንስፈር ፖርታሉ የተከፈተው ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ብቻ ሲሆን የኤፕሪሉ መስኮት ቀርቷል። የኤንኤፍኤል ቡድኖች ረዳቶቻቸውን የሚያሟሉት ግን ከዚያ በኋላ፣ እስከ ፌብሯሪ ድረስ ነው። ልጁ በዲሴምበር ይፈርማል፣ በጃንዋሪ ትምህርት ይጀምራል፣ በፌብሯሪ የመለመለው አሠልጣኝ ይሄዳል፣ በሩም ተዘግቷል። ዋና አሠልጣኝ ሲለቅ የተለየ መስኮት ይከፈታል፤ ረዳት ሲለቅ አይከፈትም። ለቡድኑ ይህ ጊዜያዊ መከታ ነው፣ ለልጁ ግን ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። የፌብሯሪ መልቀቅ ጉዳቱ የሚታየው በቀጣዩ ጃንዋሪ ነው፤ የዚያን ቦታ ተጫዋቾች ስም ጽፈህ አስቀምጥና ያኔ ተመልከት።

አራተኛ_ዳውን፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ቋንቋው ዋናው ከሆነ ከውስጥ ሰው ማሳደግ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ነው? ክሌምሰን እንደዚያ አድርጎ ብዙም አልቀናውም።

ፕሌይ_ጠሪ፦

ጥሩ ነጥብ ነው። በዲሴምበር 2021 የመከላከል አስተባባሪው ብሬንት ቬናብልስ ወደ ኦክላሆማ፣ የማጥቃት አስተባባሪው ቶኒ ኤሊየት ወደ ቨርጂንያ ሲሄዱ ዋና አሠልጣኙ ዳቦ ስዊኒ ብራንደን ስትሪተርንና ዌስ ጉድዊንን ከውስጥ አሳደገ። በ2022 11 አሸንፈው የኮንፈረንሳቸውን የኤሲሲን ዋንጫም ወሰዱ፤ ሆኖም ስትሪተር በጃንዋሪ 2023፣ ጉድዊን በጃንዋሪ 2025 ተሰናበቱ። ቃላቱ ቀርተው ነበር። ቃላቱን ማወቅና በ40 ሰከንድ ሰዓት ውስጥ ለተቃራኒው ቡድን አሰላለፍ ትክክለኛውን ጨዋታ መምረጥ ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ከውስጥ የሚያድገው ሰው ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ጨዋታ ጠርቶ ያውቃል ወይ? ይህን ጠይቅ። ሳርኪዥያን ኪፊን ከለቀቀ በኋላ ለጃንዋሪ 2017ቱ የፍጻሜ ጨዋታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲተካ አናሊስት (ጨዋታ የሚተነትን ሠራተኛ) ነበር፣ ግን የዓመታት የጨዋታ ጥሪ ልምድ ነበረው። አላባማ 35 ለ 31 ቢሸነፍም ማጥቃቱ አልተበተነም። ከጁን 2024 ወዲህ ደግሞ አናሊስቶችም በልምምድና በጨዋታ ላይ ማሠልጠን ተፈቅዶላቸዋል፤ ከግቢ ውጪ ወጥቶ መመልመል ብቻ ነው ለዋናውና ለ10 ረዳቶች የተገደበው። የአናሊስቶቹን ስም ዝርዝር ማወቅ ስለዚህ ይጠቅማል፤ ተተኪው ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጧል።

ሁለት_ሴፍቲ፦

በተቃራኒው መቆየት ምን እንደሚሠራ ለማየት አዮዋን ተመልከት። ፊል ፓርከር ከ1999 ጀምሮ እዚያ ነው፣ ከ2012 ጀምሮ የመከላከል አስተባባሪ ነው፤ በ2023ም የምርጥ ረዳቶቹን የብሮይልስ ሽልማት ወስዷል። ቨርጂንያ ቴክ ላይ በድ ፎስተር ከ1995 እስከ 2019 መከላከሉን መርቷል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ሴፍቲ (ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ሦስተኛ ዓመቱ ሲደርስ ከጎኑ ያለውን ልጅ ራሱ ያስተምራል፤ አሠልጣኙ የሚናገረው ቃል ከ20 ዓመት በፊት የተነገረው ነውና።

ለውጡ ያልሰመረበትን ቡድን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ትለየዋለህ። ውጤቱን ተወውና ኳስ ከመነሣቱ በፊት ያለውን ብቻ ቁጠር፦ ሰዓት ሊያልቅ ሲል የተቃጠሉ ታይም አውቶች፣ በሰዓት መዘግየትና በአሰላለፍ ስህተት የተጣሉ ቅጣቶች፣ በ11 ፋንታ 10 ወይም 12 ሰው ይዞ ሜዳ መገኘት፣ ኳሱ ሊነሣ ሲል ዞረው ወደ መስመር ዳር የሚያዩ ተከላካዮች። ሁለት ሴፍቲዎች እጃቸውን ዘርግተው እርስ በርስ ሲተያዩ ካየህ፣ ከኋላቸው ሪሲቨር ብቻውን እየሮጠ ነው።