የጎሪላው ሙዝ አየር ላይ ይንፏቀቃል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኮምፒውተር የለመድኩት ኤም ኤስ ዶስ 5 የሚባለው የድሮ የማይክሮሶፍት ስርዓተ ክወና በተጫነበት ማሽን ነው። ከእሱ ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. አብሮ የወጣ፣ በኪው ቤዚክ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የጎሪላ ጨዋታ ነበር። ሁለት ጎሪላዎች ፎቅ ጣሪያ ላይ ቆመው በየተራ ሙዝ ይወራወራሉ። ተጫዋቹ በየውርወራው የሚያስገባው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ አንግልና ፍጥነት። ልጄ አሁን ፊዚክስ ላይ የተወረወረ ነገር የሚሄድበትን መንገድ እየተማረች ስለሆነ፣ ቀመሩን በዓይኗ ትየው ብዬ ዶስቦክስ ላይ (የድሮ የዶስ ፕሮግራሞችን አዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው) ከፈትኩላት።

ሙዙ ግን ይንፏቀቃል። አንድ ውርወራ እስኪያርፍ ልጅቷ ተነስታ ትሄዳለች። ላፕቶፑ አዲስ ነው። ይፈጥንልኛል ብዬ የዶስቦክሱን ሳይክል፣ ማለትም የፍጥነት መወሰኛውን፣ ማክስ (እስከ መጨረሻው) ሳደርገው ጭራሽ የቆመ መሰለ። ሌላው፣ ጨዋታው ውስጥ ሙዙን የሚገፋውን ነፋስ እንዴት እንደምናሰላው ግራ ገብቶናል፤ በየውርወራው የሚቀያየር ይመስለኛል። የምታውቁ እባካችሁ።

ዶስ ናፋቂ፦
ወንድሜ፣ ፋይሉን ኪው ቤዚክ ላይ ስትከፍተው ከላይ አካባቢ ስፒድኮንስት የሚል መስመር ታገኛለህ፣ ቁጥሩ 500 ነው። እሱን ወደ 100 አውርደው፣ መዘግየቱ አብሮ ይቀንሳል።

ጠያቂ፦
100 አደረግኩት። ባሰበት።

ኮምፒውተር ጠጋኝ፦
ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያው ፋይል አናት ላይ ያለው ማስታወሻም ቁጥሩ ሲጨምር ጨዋታው ይፈጥናል ይላል።

ምክንያቱን ልንገርህ፣ ሳይክሉን ስትጨምር ለምን እንደባሰበት ያኔ ይገባሃል። ጨዋታው ሲነሳ የማሽኑን ፍጥነት ይለካል። ግማሽ ሰከንድ ሙሉ ዝም ብሎ ይቆጥራል፣ ስንት ላይ እንደደረሰም ይይዛል። በኋላ በእያንዳንዱ የሙዝ እንቅስቃሴ መሃል ስንት ጊዜ መጠበቅ እንዳለበት የሚያሰላው ያንን ቁጥር ለ500 አካፍሎ ነው። የዚያን ዘመን ማሽን ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ብዙ አይቆጥርም ነበር። ያንተ ላፕቶፕ በማክስ ሳይክል እጅግ ብዙ ይቆጥራል፣ ስለዚህ የሚጠብቀውም በዚያው ልክ ይረዝማል። ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር ሙዙ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ስፒድኮንስትን ወደ 500 መልሰው። ከኪው ቤዚክ ውጣና ዶስቦክሱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይክልስ ብለህ፣ ክፍተት ሰጥተህ 3000 ጻፍና ኢንተር በል። ከዚያ ፋይሉን ከፍተህ በሺፍትና ኤፍ 5 አስነሳው። አሁንም ከዘገየ የስፒድኮንስትን ቁጥር 1000፣ 2000 እያልክ ከፍ አድርግ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ልክ የሚወስደው አንዴ፣ ሲነሳ ብቻ ነው። ጨዋታው መሃል ላይ በኮንትሮልና ኤፍ 11 ሳይክሉን ብትቀንስ የድሮው ልክ እንደያዘ ይቀጥላል። ስለዚህ ዘግተህ እንደገና አስነሳው።

ዶስ ናፋቂ፦
ይቅርታ ወንድሜ፣ አሳሳትኩህ። እኔ ቁጥሩን ራሱን መዘግየቱ መስሎኝ ነበር።

የፊዚክስ መምህርት፦
ስለ ነፋሱ እኔ ልመልስልዎ። ነፋሱ በየውርወራው አይቀየርም። አዲስ ከተማ ሲሳል አብሮ ይወጣል፣ አንደኛው ጎሪላ እስኪመታም በዚያው ይቆያል። ታች ያለው ቀስት አቅጣጫውን ያሳያል፤ ቀስቱ ሲረዝም ነፋሱ ጠንክሯል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ውርወራ መለኪያ ትሁናችሁ። ሙዙ ስንት እንደጎደለ ወይም እንዳለፈ አይታችሁ ፍጥነቱን ብቻ ቀይሩ፣ አንግሉን አትንኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልም።

ያለ ነፋስ ስሌቱ ቀላል ነው። በ45 ዲግሪ፣ ጣሪያዎቹ እኩል ከሆኑ፣ ርቀቱ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለስበቱ ሲካፈል ነው። ፍጥነት 70 ብትሉ 4900 ለምድር ስበት ለ9.8፣ ልክ 500 ይመጣል። ያ ርቀት በፒክስል፣ ማለትም በስክሪን ነጥብ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ወደጎን 640 ፒክስል ነው። ጎሪላዎቹ ከየዳሩ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስለሚቆሙ ከ60 እስከ 75 ባለው መጀመር ጥሩ ነው።

ነፋሱ ወደጎን ብቻ ይገፋል። ኮዱ ውስጥ የነፋሱ ቁጥር ለ5 ይካፈላል፣ ከዚያ በግማሽና በጊዜው ካሬ ይባዛል። ነፋሱ 5 ከሆነ፣ በ45 ዲግሪ 70 የተወረወረው ሙዝ 10 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ስለሚቆይ ወደ 50 ፒክስል ይገፋል። በ70 ዲግሪ ከወረወራችሁት ከ13 ሰከንድ በላይ ይቆያል፣ ግፊቱም ወደ 90 ይጠጋል። ነፋስ ሲበረታ መሃል ያለው ፎቅ እስከፈቀደ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ ወርውሩ።

በስተቀኝ ያለው ተጫዋችም እንደ ግራው 45 ብሎ ነው የሚያስገባው፣ ጨዋታው ራሱ ይገለብጥለታል። ፍጥነት ከ2 በታች ከሆነ ደግሞ ሙዙ በወርዋሪው ላይ ይፈነዳል።

ጠያቂ፦
ተስተካከለ! ሳይክሉን 3000 አደረግኩት፣ ሙዙ ልክ እንደ ድሮው እየተሽከረከረ ሄደ። ልጄ መጀመሪያ ፀሐይዋን መታቻት። ፈገግ ብላ የነበረችው ፀሐይ አፏን ከፍታ ስትደነግጥ አይታ እንደገና እንደገና እሷኑ ካልመታሁ አለች። በኋላ ደብተር አውጥታ በመምህርት ስሌት 50 ዲግሪ፣ 68 ብላ በሦስተኛው ጎሪላዬን ጣለችው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጨዋታው ሲጀምር የሚጠይቀውን ስበት 1.62 ብለን የጨረቃን እንሞክራለን። ከስንት እንጀምር?

የፊዚክስ መምህርት፦
በ45 ዲግሪ ከ30 ይጀምሩ፣ 555 ፒክስል ይሄዳል። ግን ሙዙ 26 ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል። ያው 5 የሆነው ነፋስ በዚህ ጊዜ ከ340 ፒክስል በላይ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ከመወርወራችሁ በፊት ቀስቱን እዩ።