ለካውንተር ሜጀር ኮሎኝ ልሄድ ነው፤ በአካል ሄዶ ያየ ሰው ካለ ይምከረኝ

ደስት_ሁለት፦
ሰላም ጌመሮች። ያለሁት ፍራንክፈርት ነው። በመጪው ጁን ኮሎኝ ላንክሴስ አሬና የካውንተር ስትራይክ (የተኩስ ቪዲዮ ጌም) ሜጀር፣ ማለትም ትልቁ ውድድር፣ አለ። የቅዳሜና የእሁድ ቲኬት ይዣለሁ። የገዛሁት ሌሊት ላይ ነው፣ የደነገጥኩት ጠዋት ስነሳ።

ነገሩን ላስረዳ። እኔ ካውንተርን የማውቀው አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ በነበረች፣ ስድስት ኮምፒውተር ባላት ጌም ቤት ነው። 1.6 ነበር ያኔ፣ የድሮው ካውንተር። በሰዓት ከፍለን፣ ደስት 2 የምትባለው ማፕ (የጨዋታው ሜዳ) ላይ፣ መብራት እስኪጠፋ። መብራት ሲጠፋ እየመራ የነበረው ቡድን «በልተናችኋል» ይላል፣ እየተመራ የነበረው «አልተቆጠረም» ይላል፣ ከዚያ ውጭ ወጥተን ክርክሩን በአፍ እንቀጥላለን። ባለቤቱ ደግሞ የቀረችንን ደቂቃ ደብተር ላይ ጽፎ ይይዝልናል፣ ወይም ጻፍኩ ይለናል። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ይሄን ነገር አንድ ቀን አሥራ ምናምን ሺህ ሰው አዳራሽ ሞልቶ እንደ ኳስ ያየዋል» ቢለኝ እስቅበት ነበር።

አሁን 33 ዓመቴ ነው። ሥራ አለኝ፣ የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። መጫወቱ ቀርቶ ልጅቷን ካስተኛሁ በኋላ ድምፁን ቀንሼ ስትሪም ማየት ብቻ ነው የቀረኝ። ባለቤቴ ቲኬቱን ስታይ «እቤት በስልክህ የምታየውን ለማየት ነው ሁለት ቀን የምትጠፋው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናቴ ደግሞ ኮሎኝ ጨዋታ ላይ ልሄድ ነው ስላት «የዓለም ዋንጫው አሜሪካ ነው ሲሉ አልነበር እንዴ?» ብላ ግራ ገባት። እሷን ማስረዳቱንም ተውኩት።

እና በአካል ሄዳችሁ የምታውቁ፣ እውነት ከስክሪን ይለያል ወይስ ብሬን ነው የበተንኩት? የምሄደው ብቻዬን ነው፣ በ18 ዓመት ልጆች መሀል እንደ ሼባ ተገትሬ እንዳልቀር። ደግሞ እሁድ ማታ ፍጻሜው እንዳለቀ ፍራንክፈርት መመለስ አለብኝ፣ ሰኞ በማለዳ ሥራ ገቢ ነኝ። ይደረሳል?

የኮብሌንዝ_መንገደኛ፦
ከኋላ ልጀምርልህ። እሁድ ማታ መመለስ የምትለውን እርሳው ወንድሜ። በራሴ ደርሶብኛል።

2022 ላይ ሄጄ ነበር። ያ የ9 ዩሮ ቲኬት ክረምት ነው፣ በወር 9 ዩሮ ከፈጣኑ ባቡር በቀር የሚያስሄደው፣ ጀርመን በሙሉ ባቡር ላይ የነበረበት። እኔም ለፈጣኑ ባቡር ምን አስከፈለኝ ብዬ ከፍራንክፈርት በሬጂዮናል፣ በዘገምተኛው ባቡር፣ ተነሳሁ፣ ኮብሌንዝ ላይ ቀየርኩ፣ ራይን ወንዝን ተከትዬ ሄድኩ። በፈጣኑ በኢሴኤ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያልፈው መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ በላብኝ። ግማሹን በሩ ጋ ቆሜ፣ በአንድ በኩል ብስክሌት፣ በሌላ በኩል እግሬ ላይ የተኛ የሰው ውሻ። ወንዙ ግን ያምራል፣ አልዋሽም። ዛሬ ዶይችላንድ ቲኬት (የ9 ዩሮው ተተኪ) ካለህም መንገድህ ያው ነው፣ ኢሴኤ ላይ አያስወጣህም።

ፍጻሜው ናቪ የሚባለው ቡድን ከፌዝ ነበር። እንደምታውቀው ፍጻሜ አምስት ማፕ ነው፣ ሦስት የበላ ይወስዳል። 3 ለ 0 ካለቀ በጊዜ ቤትህ ነህ፣ ባለፈው 2025 ስፒሪት ሞውዝን እንዳደረገው። የኛው ግን 2 ለ 2 ሆነ። አራተኛው ማፕ ላይ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። አምስተኛው ሊጀመር ሲል ሒሳቡን ሠራሁ፣ ወይ ባቡር ወይ ማፕ። ተነስቼ ደረጃው ጋ ደርሼ ነበር እኮ! ሕዝቡ ሲጮህ ዞር አልኩ፣ በቃ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ፌዝ 3 ለ 2 በላ። እኔ የናቪ ደጋፊ ነኝ። ባቡሩም ሄደ፣ ዋንጫውም ሄደ። ከሃፕትባንሆፉ (ከዋናው ባቡር ጣቢያ) በር ስትወጣ ዶሙ፣ ያ ጥቁሩ ካቴድራል፣ እላይህ ላይ ነው የቆመው። ደረጃው ላይ የፌዝ ማሊያ የለበሱ ልጆች ድምፃቸው ተዘግቶ አሁንም ይዘፍናሉ። የናቪ ማሊያዬን አይተው ሳቁብኝ፣ ከዚያ ቺፕስ ሰጡኝ። እስኪነጋ እነሱ ጋ ተቀመጥኩ። ሰኞ ሥራ ቦታ ምን እንደመሰልኩ አትጠይቀኝ።

ስለዚህ ለሰኞ ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቅ።

ይለያል ወይ ላልከው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ተጫዋች ሳጥን ጀርባ ተደብቋል። ተጋጣሚው ቀስ እያለ ወደሱ ይመጣል፣ እዚያ መኖሩን አያውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ፣ ስክሪኑ ሁለቱንም ያሳይሃል። አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። እና ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ይውጣል። ቅድም ወንበር ሲደበድብ የነበረ ሰው እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ተጫዋቾቹ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ አድርገው ከላዩ ትልቁን ሄድሴት ይደርባሉ፣ ቢሆንም ጩኸት ያልፋል፣ የወንበሩም ንዝረት ይሰማል፣ ስለዚህ የተደበቀውን በጩኸት ማጋለጥ ነውር ነው። ከዚያ ተኩሱ ሲወጣ አዳራሹ ይፈነዳል፣ ደረትህ ላይ ነው የምትሰማው።

ቦምብ ስትሆን ደግሞ ባሰ። ከተጠመደች 40 ሴኮንድ ናት። ኪት (የማክሸፊያ መሣሪያ) የሌለው ሰው ለማክሸፍ 10 ይፈጅበታል። ይህን እቤትህም ታውቀዋለህ፣ እዚያ ግን ከፊትህ ያለው የማታውቀው ሰውዬ ዞሮ ክንድህን ይዞ «አይደርስም፣ አይደርስም» ይልሃል፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ይገባሃል። ለሚስትህ ይሄን ንገራት። ካላመነች ይዘሃት ሂድ።

አውፕ_ያዥዋ፦
የኮብሌንዙ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ 😂 እኔም የናቪ ነኝ፣ አብረን አለቀስን በለኝ።

ደስት ሁለት፣ የዕድሜውን ነገር ተወው። ፌብሩዋሪ 2024 ለካውንተር ውድድር ፖላንድ ካቶቪትሰ ሄጄ ነበር፣ ስፖዴክ፣ ያ የበራሪ ሳህን ቅርጽ ያለው አዳራሽ። እኔ 36 ነኝ። ከጎኔ የነበሩት ባልና ሚስት ይበልጡኛል፣ ልጃቸው ጆሮ መከላከያ አድርገውለት ትከሻቸው ላይ ነበር። ይሄ ጨዋታ የቆየ ነው፣ 1.6 ላይ ያደገው ትውልድ እኮ እኛው ነን፣ ቲኬት መግዣ ጨላውም ያለው እኛ ጋ ነው። ሕፃን ያየሁት መድረኩ ላይ ነው! የስፒሪቱ ተጫዋች ዶንክ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር፣ ስፒሪት ፌዝን በፍጻሜው 3 ለ 0 ሲበላ የውድድሩ ኮከብ እሱ ተባለ። በ17 ዓመቴ እኔ ማትሪክ እየፈራሁ ነበር።

ብቻህን መሄድህም አያሳስብህ። ወረፋው ላይ ጓደኛ ታገኛለህ፣ ወረፋ ደግሞ አይቀርልህም። ማሊያ ከለበስክ ሰው ራሱ ያናግርሃል። በነገራችን ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ሽንት ቤት ወረፋ የሌለበት ቦታ አየሁ፣ የወንዶቹ ደግሞ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ። እህቶች፣ ለዚህ ብቻ እንኳ መምጣት ያዋጣል።

ቲኬትህ የት ጋ እንደሆነ እይ። ሰው ሁሉ መድረኩ አጠገብ ካልሆንኩ ይላል። እኔ አልስማማም። ቅርብ ስትሆን የምታየው አምስት ልጆች ሞኒተር ጀርባ ተቀምጠው ነው፣ አንገታቸው እንኳ አይታይም፣ ጨዋታውን ለማየት ደግሞ ቀና ብለህ አንገትህ ይቀጫል። ላይኛው ፎቅ፣ ፊት ለፊት ይሻላል። ከጎን ከሆነ ስክሪኑን በሰያፍ ነው የምታየው፣ የራዳሩ (ተጫዋቾቹ ያሉበትን የምታሳየው ትንሿ ካርታ) ነጥቦች አይለዩህም።

ቦርሳ ትንሽ ይሁን፣ ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ይዘህ በር ላይ እንዳትጉላላ። ምግብም አያስገቡህም። አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ ልተወው፣ እናቴ የላከችልኝን ቆሎ ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው ከረጢቱን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጓደኛውን ጠራ፣ ሁለቱም አዩት። «ምንድነው?» «ገብስ ነው።» «ለምን?» ለምን ለሚለው ምን ይባላል? እዚያው ከነሱ ጋር ቆሜ እየበላሁ ጨረስኩት፣ አንደኛው ቀመሰ፣ ወደደው፣ ግን አላስገባኝም።

ፒንግ_200፦
እናንተ ስለ ወንበር ታወራላችሁ፣ እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን በ200 ፒንግ (የኢንተርኔት መዘግየት) እንሞታለን። የገደለኝን ሰው የማየው ከሞትኩ በኋላ ነው። እስቲ ለኛም ንገሩን፣ ከዚህ ቪዛ ጠይቆ መሄድ ይቻላል? የውድድሩን ቲኬት ባሳይ ኤምባሲው ይሰጠኛል?

የኮብሌንዝ_መንገደኛ፦
ወንድሜ እውነቱን ልንገርህ፣ ቲኬቱ ብቻውን ብዙም ክብደት የለውም። የሚያዩት ትመለሳለህ ወይ የሚለውን ነው። የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የምታርፍበት ቦታ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። ማመልከቻው ራሱ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉህም አይመለስም። ለምን ትሄዳለህ ሲሉህ ግን በግልጽ ንገራቸው፣ «ለጉብኝት» ብለህ ኋላ ቲኬት ከሚገኝብህ። የመግቢያ ቲኬት ደግሞ ቪዛው ሳይወጣ እንዳትገዛ፣ ከቴሌግራም ሰውም በጭራሽ። አንድ የማውቀው ልጅ ከማያውቀው ሰው ኪውአር ኮድ ገዝቶ በር ላይ ሲያስነካው ቀይ በራ። ያው ኮድ ለስንት ሰው እንደተሸጠ እግዜር ይወቀው። ልጁ ፍጻሜውን አሬናው ውጭ ግድግዳ ተደግፎ በስልኩ ነው ያየው፣ ጩኸቱን ከውስጥ እየሰማ፣ ስትሪሙ ከጩኸቱ እየዘገየበት።

የሪያዱ_ልጅ፦
ፒንግ 200፣ ሞንጎሊያዎቹን አስብ። 2025 ላይ እዚህ ሪያድ ኢስፖርትስ ዎርልድ ካፕ ላይ ካውንተሩን የበሉት ዘ ሞንጎልዝ ናቸው። ከሞንጎሊያ! የኛም ቀን ይመጣል፣ መጀመሪያ ፒንጉ ይውረድ እንጂ።

እኔ ከሥራ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ውድድሩ የነበረበት ቡሌቫርድ ሄጄ አይቻለሁ። ውጭው 40 ዲግሪ፣ ውስጡ ኤሲው የሚያንቀጠቅጥ። ጃኬት ያዙ ስል የሚስቅብኝ አለ፣ ኦገስት ላይ ሪያድ ጃኬት። ቼዝም ነበራቸው፣ ማግነስ ካርልሰን ነው የወሰደው። ግን ልዩነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ የጨዋታው ዓይነት ብዙ ነው፣ ሰው ካንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ኮሎኝ ግን ሁሉም ለአንድ ነገር የመጣ ነው። ዕድሉ ቢኖረኝ እኔም ያንን ነበር የምመርጠው። ደስት ሁለት፣ ታድለህ።

ደስት_ሁለት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከአለቃዬ ሰኞን ተረከብኩ፣ «የቤተሰብ ጉዳይ» ነው ያልኩት፣ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ኮሎኝ ውስጥ የባለቤቴ አክስት አሉ፣ ደወልኩላቸው። «ምን ልታይ ነው?» አሉኝ። ውድድር ነው አልኩ። «የሩጫ?» አሉ። አዎ አልኩ። ዶሮ እሠራለሁ ብለዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከሃፕትባንሆፍ ተነስቼ በዚያ ቁልፍ በተንጠለጠለበት ድልድይ ራይንን ተሻግሬ አሬናው ወዳለበት ዶይትዝ በእግሬ ልሄድ አስቤያለሁ፣ ባቡሩ አንድ ጣቢያ ቢሆንም።

ለባለቤቴ የቦምቧን ታሪክ ነገርኳት። «እና ማን አሸነፈ?» አለች። ትንሽ ተስፋ አለ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሰው ካርቶን ላይ ጽፎ ከፍ የሚያደርገው አለ አይደል፣ ካሜራ እንዲያነሳው? እኔም በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ። «ሰላም ለኢትዮጵያ» ሰው ሁሉ የሚጽፈው ነው። «ዛይዉ አንበሳው» አሰብኩ፣ ግን የተጫዋቹ ቡድን ቫይታሊቲ ቅዳሜ ሳይደርሱ ቢወድቁስ? በላይኛው ፎቅ ከሆንኩ ካሜራ ያየኛል ወይ?

የኮብሌንዝ_መንገደኛ፦
ካርቶኑ ትልቅ እንዳይሆን፣ ኋላህ ያለው ሰው ይሰድብሃል። ካሜራ ማኑ ፊደሉን ሲያይ ምንድነው ብሎ ያነሳሃል፣ እኔን እመነኝ።

አውፕ_ያዥዋ፦
ምን ታስባለህ፣ ራስህ እኮ ላይ ጽፈኸዋል። «መብራት መጣ!» በለው።

ፒንግ_200፦
😭😭😭 እሱን ካላየሁ ስትሪሙን አልዘጋም

ደስት_ሁለት፦
አለቀ። ማርከር ልገዛ ወጣሁ።