ከጉልበት በታች የተቆረጠ ታካሚ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን እናስተምረው?

ጠያቂ (ነርስ፣ ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጉልበት በታች የተቆረጡ ታካሚዎች ከዋርድ ወጥተው ወደ ሰቃ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ይሄዳሉ። ለሰው ሠራሽ እግር ልኬት ሲመለሱ የአንዱ ጉልበት ታጥፎ ቀርቷል፣ የሌላው የተቆረጠ እግር ጫፍ አብጦ አምፖል መስሏል። ከመውጣታቸው በፊት ያለን ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። የቱ ይቅደም?

ፊዚዮቴራፒስት
ሃያውን ደቂቃ ለጉልበቱና ለባንዴጁ ስጡት።

ጉልበቱን የሚያበላሸው ትራስ ነው። ቤተሰብ አዝኖ ከሥሩ ይከትለታል፤ ለጊዜው ይመቸዋል፣ ውሎ ሲያድር ግን ከጉልበቱ ኋላ ያለው ጡንቻ አጥሮ አልዘረጋም ይላል። እዚህ ደግሞ ቡናው አለ፣ በርጫው አለ፤ ጉልበት አጥፎ ሦስት አራት ሰዓት መቀመጥ ብርቅ አይደለም። መቀመጫው ላይ ጣውላ ያጋድምና ቀሪውን እግር (ከተቆረጠው እግር የተረፈውን ክፍል) ዘርግቶ ያሳርፍበት። የክራንች እጀታ ላይ ማሳረፍም ክልክል ነው። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል በሆዱ ይተኛ፤ ዳሌውም ታጥፎ እንዳይቀር።

ባንዴጁ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ይሁን። ጉልበቱ ተዘርግቶ፣ በሰያፍ ወደ ጫፉ ወርዶ፣ ጫፉን ጠቅልሎ በሰያፍ ይመለሳል፤ መንገዱ የ8 ቁጥር ነው። ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። እንደ መቀነት ዙሪያውን ከተጠመጠመ ከላይ ያንቀውና ፈሳሹ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል፤ አምፖላችሁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከጉልበት በላይ አንድ ዙር ይያዝ፣ የጉልበቱ ሎሚ ክፍት ይቅር። መጨረሻው በፕላስተር ይያዝ፤ የብረት መቆንጠጫው ስሜት የቀነሰ ቆዳ ቢወጋ ታካሚው አያውቀውም። በየ4 ሰዓቱ ፈትቶ እንደገና፤ ከጠዘጠዘው ወይም ከደነዘዘው ግን ሰዓት ሳይጠብቅ ይፍታ።

የሰው ሠራሽ እግር ቴክኒሻን
ባንዴጁን በተመለከተ እስማማለሁ። ግን አንድ ባንዴጅ ሰጥቶ መላክ ዋጋ የለውም። በጅማ ክረምት የታጠበ ነገር በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ቢያንስ ሁለት ይያዝ። ሲታጠብ አይጠመዘዝ፣ ገመድ ላይም አይንጠልጠል፤ ላስቲኩ ይለጠጥና ይሞታል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ቁስሉ ድኖ ሰው ሠራሽ እግሩን ማጥለቅ ሲጀምር ገላውን ማታ ይታጠብ እንጂ ጠዋት አይሁን። እርጥብ ቆዳ ያብጣል፣ ሶኬቱ (ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ጎድጓዳ ክፍል) ውስጥ ይላጣል። ውዱእ የሚያደርግ ሰው ቀሪውን እግር ካረጠበው ከሶኬቱ በፊት የሚጠለቀው ካልሲ ከመግባቱ በፊት በደንብ ያድርቀው። የገላ ሳሙና ይበቃል፤ ኦሞም አልኮልም አይነካው። ፀጉሩ አይላጭ፣ ወደ ውስጥ አድጎ ይቆስላል። ሶኬቱም በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ በየማታው ይወልወል።

አዲስ እግር የመጀመሪያ ቀን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ አውልቆ ማየት። ከሎሚው በታች ባለው ጅማት ላይ መቅላት ይጠበቃል፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። የቅልጥሙ ስለት ላይ ወይም ጫፉ ላይ ቀልቶ በ10 ደቂቃ ካልጠፋ ግን አያጥልቀው፣ ይምጣ። ቀሪው እግር በመጀመሪያው ዓመት እየሟሸሸ ስለሚሄድ ካልሲ ይጨምራል፤ እግሩ ወደ ሶኬቱ ሥር ከሰመጠ ካልሲው አንሷል ማለት ነው። ካልሲ በካልሲ ላይ እየደረቡ መክረም ግን የሶኬቱን መቀየር ማዘግየት ነው። ጫፉ ሥሩን ሳይነካ ከተንጠለጠለ ደግሞ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይሻክራል፣ ያዣል፤ ያን ጊዜ ካልሲ መጨመር ያባብሰዋል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። የስኳር ታካሚስ? ደግሞ "የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል" የሚሉ አሉ።

ነርስ (ቁስል ክትትል)
የስኳር ታካሚ ሲቆስል ሳያመው ሊቀር ስለሚችል ዓይኑ ነው የሚጠብቀው። በየማታው ትንሽ መስታወት ከሥሩ ይዞ ጫፉን ይይ፤ ዓይኑ ከደከመ ቤተሰብ ይይለት። ባንዴጁን አጥብቆ አይጠምጥም፣ የደም ዝውውሩ ደካማ ነው። ያልተቆረጠውንም እግር አብሮ ይፈትሽ፤ ብዙዎቹ ይረሱታል።

የሌለው ጣት ማሳከኩ የተለመደ ስሜት መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት፣ አእምሮዬ ተነካ ብሎ እንዳይደብቅ። ስፌቱ ከዳነ በኋላ ቀሪውን እግር መታ መታ ማድረግና በለስላሳ፣ ቀጥሎ ሻከር ባለ ጨርቅ ማሸት ይረዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ "ገባህ?" ብሎ መጠየቅ ማስተማር አይባልም፤ ሁሉም "አዎ" ነው የሚለው። ባንዴጁን ፍቱና ታካሚው ራሱ ይጠምጥም፣ ቀጥሎ አስታማሚው። ኦሮምኛ የሚቀለው ከሆነ በኦሮምኛ ይነገረው። እጁ የሳተው ቦታ ላይ አስቁሙት፤ አብዛኛው ሰው የሚስተው ጫፉን ሲጠቀልል ነው፣ ማዕዘኑ ክፍት ይቀርበታል።