የትርጉም ተውኔት በተዋናይ አፍ፤ ከሎሬት ጸጋዬ ሥራ ምን እንማራለን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለአንድ አነስተኛ የቴአትር ቡድን የግጥም ተውኔት ወደ አማርኛ እየተረጎምሁ ነው። ልምምድ ከተጀመረ ወዲህ፣ በወረቀት ላይ የረካሁባቸው ስንኞች በተዋንያኑ አፍ እየከበዱ አስቸግረውኛል። ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን የተረጎሙት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አዘጋጅም ነበሩና፣ ሥራቸውን የምታውቁ ብታስረዱኝ። ተርጓሚ ልምምድ ላይ መቀመጥ ይገባዋል? ወይስ ጽሑፉን ለአዘጋጁ አስረክቦ ዞር ማለት ይሻለዋል?

መልስ 1፦
መቀመጥ ይገባዎታል እላለሁ። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ በልጅነታቸው ግዕዝ ተምረዋል፤ በኋላም በለንደንና በፓሪስ ቴአትር አጥንተው ሲመለሱ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን ቤት በ1950ዎቹ በኪነ ጥበብ ኃላፊነት መርተዋል። ስለዚህ ተርጓሚውና አዘጋጁ በአንድ ሰው ውስጥ ይነጋገሩ ነበር፤ እኛ ግን ያንን ንግግር ልምምድ ላይ ተገኝተን ማድረግ አለብን።

ስለ ስንኙ ደግሞ ምጣኔውን፣ ማለትም የቀለሙን (የቃላቱን የድምፅ ክፍል) ቁጥር ይመርምሩ። ወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት በእያንዳንዱ ግማሽ ስንኝ ስድስት ቀለም ይዞ ስድስት በስድስት ነው፤ በስማቸው የሚጠራው የጸጋዬ ቤት ግን ስምንት በስምንት ይሄዳል። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ተሸክሞ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «አልነገርኳትም» የሚለው ቃል ብቻውን ከወል ቤት ግማሽ ስንኝ አምስቱን ቀለም ይወስዳል። ረጅሙ ስንኝ ለሐሳቡም ለተዋናዩ ትንፋሽም ቦታ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

መልስ 2፦
እኔ ተዋናይ ነኝ። በአንድ የትርጉም ተውኔት ላይ «ንጉሡ ይመታል» የሚል ቃለ ተውኔት ነበረኝና፣ አላልቼ እያነበብሁ ንጉሡን መቺ አድርጌው ሁለት ሳምንት ተለማመድን። አንድ ቀን ተርጓሚዋ መጥታ ከኋላ ወንበር ሰማችኝና ደነገጠች፤ እሷ የጻፈችው አጥብቃ ነበር፤ የሚመታው ንጉሡ ራሱ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና አዘጋጁም እኔም ጥፋተኞች አልነበርንም። እዚያው ቁጭ ብላ «ንጉሡ ይወድቃል» አለችው፤ ስድስቱ ቀለም ሳይጓደል ትርጉሙ ቀና። ከዚያ ወዲህ ተርጓሚ የሌለበት የመጀመሪያ ንባብ አልወድም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሚቀጥለው ንባብ ጀምሮ እገኛለሁ፤ እስከዚያው በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ እያደረግሁ ጽሑፉን እንደገና እገለብጠዋለሁ።