ለ11ኛ ክፍል የዓለም ሥነ ጽሑፍ ምን ላስነብብ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ የ11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የዓለም ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ስጪ ተብያለሁ፣ በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ። ተማሪዎቼ 42 ናቸው፣ መጽሐፍ መግዛት የሚችለው ግማሹ ቢሆን ነው። አምና አንድ ወፍራም የእንግሊዝ ልብወለድ ሰጥቻቸው ብዙዎቹ ከምዕራፍ 3 አላለፉም፤ ማጠቃለያውን ከኢንተርኔት ገልብጠው አመጡልኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የባሕር ዳሩ መምህር
እህቴ፣ በአጭሩ ጀምሪ። የሩሲያዊውን ደራሲ የቼኾቭን አጭር ልብወለድ «ውርርድ» ስጪያቸው። አንድ ባለባንክና አንድ ወጣት የሕግ ሰው ከሞት ቅጣትና ከዕድሜ ልክ እስራት የቱ ይሻላል ብለው ይከራከራሉ፤ ወጣቱም በ2 ሚሊዮን ሩብል ተወራርዶ 15 ዓመት ብቻውን ሊዘጋ ይስማማል። እኔ ባለባንኩ ከስሮ፣ በመጨረሻው ሌሊት ቁልፍ ይዞ ወደ ወጣቱ ክፍል ሲሄድ እዚያ ላይ አቆማለሁ። መጨረሻውን ራሳችሁ ጻፉት እላቸዋለሁ። ሰነፍ ያልኳቸው ልጆች ሁለት ገጽ ጽፈው መጥተዋል! የድሮው የእንግሊዝኛ ትርጉም ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የድሮ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጊው።

ተውኔት ወዳዷ
የጥንቱ ግሪካዊ የሶፎክልስ ተውኔት «አንቲጎኔ» ይግባልሽ። ንጉሡ አይቀበርም ያለውን ወንድሟን እህት ልትቀብር ትነሳለች። ቀብር ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም፣ ከለቅሶ ቤት ያውቁታል። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ በኅብረት የሚናገሩትን የመዘምራኑን ድርሻ ለአንድ ረድፍ ልጆች በሙሉ ስጪ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይኖርም።

ከዋሽንግተን
ረጅም ልብወለድ ግን ጨርሰሽ አትተዪ። የናይጄሪያዊውን ደራሲ የአቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ሞክሪ። በ1958 የወጣ ነው፣ ምዕራፎቹ 25 ናቸው፣ አብዛኞቹም አጫጭር። በሳምንት ሁለት ሁለት ምዕራፍ ብትይ በ13 ሳምንት ያልቃል። ታሪኩ የሚያወራላቸውን የናይጄሪያ ሕዝብ፣ የኢግቦዎቹን ምሳሌያዊ አነጋገር እየለቀሙ የአማርኛ አቻውን ይፈልጉ። ይሄኛው በነፃ አይገኝም፣ አንዱን ኮፒ ለአራት ይካፈሉት።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! የአማርኛ ትርጉም ባስገባስ፣ ነውር ይሆናል?

የባሕር ዳሩ መምህር
ምን ነውር አለው? ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጪና አንዷን ትዕይንት ያወዳድሩ። አማርኛው የት እንደጠነከረ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩሻል።

ጠያቂዋ
እሺ፣ በቼኾቭ እጀምራለሁ፣ ከዚያ አንቲጎኔ። የንጉሡን ሚና ለሴት ልጅ ልሰጥ አስቤያለሁ፤ ድምጿ ክፍሉን የሚሞላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለችኝ።