ሰደድ እሳት ሲመጣ መቼ እንውጣ? ቤቱንና ከብቶቹንስ እንዴት አድርገን?

ጫካዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ዳገት ጫፍ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ተዳፋት ጥድና ባሕር ዛፍ ሞልቶበታል። መውጫው አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ሲሆን እሱም በዚያው ጫካ መሐል ያልፋል። ደረቁ ወቅት ሳይገባ መዘጋጀት ፈልገናል። እናቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ እንደ ልብ አይራመዱም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያም ይጠቀማሉ። አንድ ፈረስ፣ ሁለት ላምና አንድ ውሻ አለን። ባለቤቴ «እናንተ ውጡ፣ እኔ የውሃ ጎማ ይዤ ቤቱን እጠብቃለሁ» ባይ ነው። እሳቱ ምን ያህል ሲቀርብ ነው መውጣት ያለብን? ስንወጣስ ጋዙ፣ መብራቱ፣ በርና መስኮቱ እንዴት ይሁን? ከብቶቹን ፈትቶ መልቀቅ ይሻላል የሚሉም አሉ። የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ።

የመስክ ሬድዮ፦
ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ለኩት። ዕቃ መጫን 30 ደቂቃ፣ እናትሽን አዘጋጅቶ መኪና ውስጥ ማስገባት 20፣ ከብቶቹን ማሳፈር 60 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። መንገዱ በደህና ቀን 25 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ጭስ ሲጋርደውና ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲወጣ ሦስት እጥፍ አስቡት፤ 75 ደቂቃ። ድምሩ 185 ደቂቃ፣ ማለትም ከ3 ሰዓት በላይ ነው። ደረቅ ሣር ላይ ኃይለኛ ነፋስ ያገኘ ቋያ ደግሞ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ነበልባሉን በዓይኑ አይቶ የሚወስን ቤተሰብ ለመውጣት የቀረው ጊዜ እንደማይበቃው ከዚህ ይታያል።

የእናንተ ቤት ያለበት ቦታ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። እሳት ዳገት ሲወጣ ነበልባሉ ወደ ፊት ያለውን ቅጠል አስቀድሞ ያደርቀዋል፣ ያሞቀዋል። ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ 20 ዲግሪ ላይ አራት እጥፍ ማለት ነው። ነፋስ ሲዞርም ሌላ ጣጣ አለ። ረጅምና ቀጭን ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ የነበረ እሳት ነፋሱ ከጎን ሲመታው የጎኑ ርዝመት በሙሉ ግንባር ይሆናል። «እኛን አልፎ እየሄደ ነው» ብሎ መዘናጋት የሚገድለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመውጫ ምልክታችሁን አሁን ወስናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። የአየር ትንበያው ሙቀት፣ ድርቀትና ኃይለኛ ነፋስ በአንድ ቀን ተገጣጥመው እንደሚመጡ ሲናገር፣ እሳት ባይነሣም እናትሽና ትልልቆቹ እንስሳት በዋዜማው ወይም በማለዳ ይውጡ። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል እሳት መነሣቱ ሲሰማ የቀራችሁት ሁሉ ውጡ፣ ትእዛዝ አትጠብቁ። የመውጫ ትእዛዝ ከመጣ ደግሞ የቀረውን ዕቃ ትታችሁ ያኔውኑ ተነሡ። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ቤተሰብ ከጎረቤቱ ቀድሞ መውጣት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2017 በፖርቱጋል ፔድሮጋዎ ግራንዴ አካባቢ በተነሣው ሰደድ እሳት ከሞቱት 66 ሰዎች አብዛኞቹ ሕይወታቸው ያለፈው መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ ወይም አጠገቡ ነው። በ2018 በካሊፎርኒያ የፓራዳይዝን ከተማ ያወደመው እሳት 85 ሰው ሲገድል መውጫ መንገዶቹ በመኪና ተጨናንቀው ነበር።

የባለቤትሽን ነገር በቅንነት ልናገር። የውሃ ጎማ ብቻውን መከላከያ አይደለም። መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል፤ የፕላስቲክ ጎማ መሬት ላይ እንዳለ ይቀልጣል። ቤት ጠብቀው የሚቀሩ ሰዎች በትንሹ ለዚሁ ብቻ የተቀመጠ 10,000 ሊትር ውሃ፣ በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ፣ በዙሪያው በደንብ የተመነጠረ ግቢና ቢያንስ ሁለት ጤነኛ ጎልማሶች ያስፈልጓቸዋል። ከታች ጫካ ባለበት ዳገት ጫፍ ላይ ግን ይህ ሁሉ ቢሟላም አልመክርም።

አሸንዳ፦
ቤቱ የሚተርፈው ወይም የሚቃጠለው እናንተ ከመውጣታችሁ በፊት ባሉት ወራት ነው። አብዛኛውን ቤት የሚያቃጥለው ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣው ፍም ነው፤ ነበልባሉ ራሱ ቤቱን የሚነካው ስንት ጊዜ ነው? ፍም ከእሳቱ ፊት ኪሎ ሜትር አልፎም ይወድቃል፤ የባሕር ዛፍ ልጥ ደግሞ እየነደደ ሩቅ በመብረር የታወቀ ነው። ፍሙ አሸንዳ ውስጥ ደረቅ ቅጠል ካገኘ፣ በጣሪያ ክፍተት ገብቶ ኮርኒስ ላይ ካረፈ፣ ከበረንዳ ሥር የተከመረ ማገዶ ላይ ከወደቀ ቤቱ ከውስጥ ይነዳል። ግንባሩ ካለፈ ከሰዓታት በኋላ የሚቃጠሉ ቤቶች ያሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከግድግዳው ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሥሩ። እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር ምንም አይኑር፦ ጠጠር፣ ድንጋይ ወይም ባዶ አፈር ብቻ። የእንጨት አጥር ከቤቱ ግድግዳ ጋር ከተያያዘ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሜትር በብረት ቀይሩት፤ አለዚያ እሳቱን እየመራ ያመጣዋል። እስከ 9 ሜትር ሣሩን አሳጥሩ፣ የደረቀውን ሁሉ አንሡ፣ ማገዶና ድርቆሽ ከዚያ ውጭ ይሁን። እስከ 30 ሜትር ዛፎቹን አራርቁ፤ ሣርና ቁጥቋጦ እሳቱን ወደ ዛፉ አናት እንዳያደርሱት ታችኞቹን ቅርንጫፎች ከመሬት እስከ 2 ሜትር ያህል ቁረጡ። በቁልቁለቱ በኩል ከ30 ሜትርም በላይ ሂዱ።

የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን በብረት ወንፊት ሸፍኑ፤ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ 2 ቢሆን ይመረጣል። የፕላስቲክ ወንፊት ቀልጦ መንገድ ይከፍታል። የቆርቆሮ ክዳን ጥሩ ነው፣ ግን ከሞገዱ ሥር ጫፍ ጫፉ ላይ የሚቀረው ክፍተት ካልተደፈነ ፍም በዚያ ይገባል። ሰው ይህን ነው ሁልጊዜ የሚረሳው።

የምትወጡ ዕለት ደግሞ፦ መስኮትና በር ሁሉ ይዘጋ፣ የውስጥ በሮችም ጭምር፤ የተዘጋ በር እሳት ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይዛመት ያዘገየዋል። ስስ መጋረጃ አውልቁ፣ ሶፋውን ከመስኮት አርቃችሁ መሐል አድርጉት፤ መስታወት ሳይሰበር በሙቀቱ ብቻ ጨርቅ ይቀጣጠላል። በረንዳ ላይ ያለ ፍራሽ፣ የበር ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ ወንበር ወደ ውስጥ ይግባ። ጋዙን ከሲሊንደሩ ራስ ዝጉ፤ ሲሊንደሩ ሲግል ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ወደ ቤቱ እንዳይዞር አድርጉ። በሩን ግን አትቆልፉት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መግባት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉት።

የመስክ ሬድዮ፦
በመብራቱ ላይ አልስማማም። በአካባቢያችሁ አጥፉ የሚል መመሪያ ካልተሰጠ የውጭ መብራትና አንድ የውስጥ መብራት በርተው ይቆዩ፤ በጭስ መሐል ቤቱ የሚታየው በዚያ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ግን ይጥፋ፣ ጭስና ፍም ስቦ ያስገባልና። ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ክዳን ላይ ከፍታችሁ መሄድም ክልክል ነው። ሳትመለሱ ሰዓታት ሲያልፉ ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ እሳት አጥፊዎቹ ለሚፈልጉት መስመር ግፊት ነጠቃችሁ ማለት ነው። የውሃ ጎማውን ከቧንቧው ጋር አገናኝታችሁ፣ ባልዲ ሞልታችሁ፣ መሰላሉን በሚታይ ቦታ አቁማችሁ ሂዱ።

አሸንዳ፦
ተቀብያለሁ። እኔ ያሰብኩት የተበጠሰ ሽቦን ነበር፤ ጭሱ ውስጥ መታየቱ ይበልጣል።

ነርሷ፦
ስለ እናትዎ ልጨምር። የኦክስጅን መሣሪያው መብራት በጠፋ ደቂቃ ይቆማል፤ ሰደድ እሳት ባለበት ደግሞ መብራት ብዙ ጊዜ ከእሳቱ ቀድሞ ይጠፋል። መጠባበቂያ ሲሊንደር ይኑርዎት፣ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይም ያስሉት፦ በውስጡ ያለውን ሊትር በደቂቃ በሚፈስሰው ሊትር ያካፍሉ። 400 ሊትር የያዘ ሲሊንደር በደቂቃ 2 ሊትር ቢሰጥ 200 ደቂቃ ነው፣ 3 ሰዓት ከ20። ከላይ 185 ደቂቃ ተብሎ ከተሰላው ጉዞ ጋር ያስተያዩት፤ የሚተርፈው 15 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሲሊንደር ያስፈልጋል። እንዲቆይ ብለው ፍሰቱን በራስዎ አይቀንሱ። መኪና ውስጥ እንዳይንከባለል በቀበቶ ይታሰር፤ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አጠገቡ አይድረስ።

በአንድ ቦርሳ የሚዘጋጀው፦ ቢያንስ የ7 ቀን መድኃኒት ከነማዘዣው፣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ፣ የበሽታቸውና የመድኃኒታቸው ዝርዝር በወረቀት የተጻፈ። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ለ3 ቀን። መታወቂያና የቤት ሰነድ ዋናው፣ ቅጂው ደግሞ በፍላሽ። በባትሪ የሚሠራ ሬድዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ።

በጨርቅ ማስክ ከጭስ እድናለሁ ማለት ከንቱ ነው፤ ደቃቁ ብናኝ ያልፈዋል። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የተባለውን፣ ፊት ላይ ሳያስተነፍስ የሚገጥመውን ይያዙ። ይህም ቢሆን ብናኙን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያግድም። እናትዎ ደግሞ በማስክ መተንፈስ ሊከብዳቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን አሁኑኑ ይጠይቁ። ልብሱ ጥጥ ወይም ሱፍ፣ እጅጌውና እግሩ ረጅም፣ ጫማውም ቆዳ ይሁን። ናይሎንና ፖሊስተር ቆዳ ላይ ይቀልጣል።

ኮርቻ፦
ከብት መፍታት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ መንገድ ላይ መልቀቅ ደግሞ ጨርሶ አይሁን። በጭስ ውስጥ መንገድ ላይ የቆመ ላም ለሚሸሹት መኪኖች አደጋ ነው፤ ፈረስም ደንግጦ ወደሚያውቀው ጋጣ ተመልሶ ይገባል፣ የሚቃጠል ቢሆንም። አስቀድማችሁ ማውጣት ካልቻላችሁ እስከ አፈሩ የተጋጠ፣ ሰፊና አጥሩ የብረት ሽቦ የሆነ መስክ ውስጥ አስገቧቸው፤ የውስጥ በሮቹን ክፈቱ፣ እሳቱን ዞረው ወደ ተቃጠለው መሬት መሻገር እንዲችሉ። ጋጣውን ባዶ አድርጋችሁ ዝጉት። የናይሎን ልጓም፣ ብርድ ልብስና የብረት መቆለፊያ ያለው ማሰሪያ ይውለቅ፤ ናይሎኑ ይቀልጣል፣ ብረቱ ይግላል። ስልክ ቁጥራችሁን በከብት ቀለም ጎናቸው ላይ ጻፉ። መብራት ቢጠፋም የሚጠጡት ውሃ በትልቅ ገንዳ ይሞላ፣ ገንዳው ፕላስቲክ ባይሆን ይመረጣል።

ፈረሱ ተጎታች ላይ መውጣት ካልለመደ ከአሁኑ አለማምዱት፣ በጨለማም ጭምር። 60 ደቂቃ የተባለው ለለመደ ፈረስ ነው። ውሻው ማለዳውኑ ታስሮ ይዋል፤ ጭስ ሲሸተው አልጋ ሥር ይገባና ሰው እሱን ሲፈልግ ይዘገያል።

ጫካዳር፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ባለቤቴም አንብቦታል፤ 10,000 ሊትሩ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ወጥተን መሐል መንገድ ላይ እሳቱ ቢቀድመንስ?

የመስክ ሬድዮ፦
ቀድሞ የሚደረገውን ልበል። ነዳጁ ከግማሽ በታች አይውረድ። መኪናው አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይደር። በኤሌክትሪክ የሚከፈት የግቢ በር ካላችሁ በእጅ የሚለቀቅበትን ማንሻ ሁሉም ሰው፣ ልጆቹም፣ ይሞክሩት። እያንዳንዱ መኪና ውስጥ የሱፍ ብርድ ልብስ ለየሰዉ አንድ አንድ ይኑር። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የምትገናኙበትን ቦታና ከአካባቢው ውጭ ያለ አንድ የጋራ ዘመድ ስልክ በወረቀት ያዙ። ስትነዱ የፊት መብራት ይብራ፣ መስኮት ይዘጋ፣ አየሩ የውስጡን እንዲያዞር ይደረግ።

መንገዱ ከተዘጋ በጭሱ መሐል ሰንጥቄ አልፋለሁ አትበሉ። መዞር ከቻላችሁ ዙሩ። ካልተቻለ ከዛፍና ከረጅም ሣር የራቀ ባዶ ቦታ ፈልጉ፦ የታረሰ ማሳ፣ ሰፊ ጠጠር ሜዳ፣ የተቃጠለ መሬት። ከገደል አፍና ከሸለቆ ራስ ራቁ፣ እሳትና ሙቀት በዚያ እንደ ጭስ ማውጫ ይሳባል። መኪናውን አፍንጫውን ወደሚመጣው እሳት አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከጎን ያለው መስታወት ከፊተኛው ይልቅ ቶሎ ይሰበራል። ሞተሩ አይጥፋ፣ የፊት መብራትና የአደጋ ምልክቱ ይብሩ፣ አየር ማስገቢያው ይዘጋ። ሁላችሁም ከመስኮት በታች ዝቅ ብላችሁ ብርድ ልብሱን ከላይ እስከ እግር ተከናነቡ፤ ከነበልባሉ በፊት የሚገድለው የጨረር ሙቀቱ ነው። ውስጡ በጭስ ይሞላል፣ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል፣ ፕላስቲኩም ይሸታል። ያም ሆኖ ግንባሩ ሳያልፍ አትውጡ። ማለፉ ብዙውን ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ብርድ ልብሱን አትንከሩት፤ እርጥብ ጨርቅ በኃይለኛ ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ያቃጥላል።

ከቤት መውጣት ሳይቻል ከቀረ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ባለው ክፍል፣ እሳቱ ከሚመጣበት በተቃራኒ በኩል ቆዩ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ መደበቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛ መውጫ የለውም፣ ውጭውንም አያሳይም። ገንዳና ባልዲ ሙሉ፣ እርጥብ ፎጣ በሩ ሥር ወትፉ። ግንባሩ አልፎ ቤቱ መንደድ ከጀመረ ወደ ተቃጠለው መሬት ውጡ።

አሸንዳ፦
ስለ መመለስም አንድ ሁለት ነገር። መንገዱ ተከፍቷል ሳይባል አትግቡ። የተቃጠለ ጉቶ ሥሩ ከመሬት በታች ለቀናት ይነዳል፤ ከላይ ሜዳ የሚመስለው አመድ ሲረገጥ ይደረመሳል፣ ከሥሩ ያለው ፍም ነው። ስለዚህ በእንጨት እየነካካችሁ ሂዱ። ግንዳቸው የተቦረቦረ ዛፎች ነፋስ ሳይኖርም ይወድቃሉ። አመዱን በደረቁ አትጥረጉ፣ ቀለል አድርጋችሁ አርጥቡት፣ ኤን95ም አይውለቅ። በሰፈሩ ብዙ ቤት ከተቃጠለ የቧንቧ ውሃ ቤንዚን በተባለው መርዘኛ ኬሚካል ሊበከል ይችላል፤ የመኪናው ነዳጅ አይደለም፣ ከቀለጡ ቧንቧዎችና ከጭሱ የሚገባ ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ ተመርምሮ ንጹሕ ነው እስኪባል ለመጠጥም ለምግብም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። ጋዙን ራሳችሁ መልሳችሁ አትክፈቱ፣ ባለሙያ መስመሩን ይፈትሸው።