ባለ ፍርግርጉ የ1,000 ሊትር ታንከር ለቆሮሶ ዓሣ እርባታ ይሆናል?

ጠያቂ (አዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ቆሮሶ ለማርባት አስቤ፣ ነጭ ፕላስቲኩ በብረት ፍርግርግ የታቀፈውን የ1,000 ሊትር ታንከር ሁለት ገዝቻለሁ። ሻጩ የምግብ ዘይት ነበረባቸው ቢለኝም፣ የአንደኛው ክዳን ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ መለያ ወረቀቱም ተልጧል። በሳሙና ደጋግሜ ባጥበው ይለቃል? አንዱ ታንከርስ ስንት ዓሣ ይችላል?

መልስ 1 (ባቱ)፦
ወንድሜ፣ የሚሰነፍጠውን ለዓሣ አያውሉት። ይህ ፕላስቲክ ኬሚካልን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ፣ ላዩ ቢታጠብም የመጠጠውን ውሃ ሲሞላበት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ዓሣው ቢተርፍ እንኳ በመጨረሻ የሚበላው ሰው ነው። ለገንዘቡ ማዘንዎ ባይቀርም፣ እኔ ለአትክልት ማጠጫም አልመክረውም። ሁለተኛውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ደጋግመው ያለቅልቁት። ነጩ ፕላስቲክ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውሃው በጥቂት ቀናት አረንጓዴ ይሆናል፤ ስለዚህ ውጭውን ጥቁር ቀለም ይቀቡት ወይም በሸራ ይሸፍኑት። አናቱን ሲከፍቱ የፍርግርጉን የላይኛውን ዙሪያ ብረት አይቁረጡ፣ የአንድ ቶን ውሃ ጉልበት ጎኑን ያሳብጠዋልና።

መልስ 2 (ባሕር ዳር)፦
በተነሣው ሁሉ እስማማለሁ። ቁጥሩን የሚወስነው የቦታው ስፋት ሳይሆን አየሩና ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ ነው። ማጣሪያ ከሌለዎት ከ20 እስከ 30 በሚሆኑ ጫጩቶች ይጀምሩ፣ ውሃውንም በየጊዜው በከፊል ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አየር እየነፉበት አንድ ቀን ያሳድሩት። እኔ መጀመሪያ ላይ በአንድ ታንከር 80 ጨምሬ ነበር፤ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ አየር መንፊያው ቆመ፣ ጎህ ሲቀድ ብዙዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈው፣ የቀሩት አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ሲስቡ አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ባትሪ ሳላዘጋጅ ጫጩት አላስገባሁም። አምባዛ የተባለው ዓሣ ወደ ውሃው ላይ ወጥቶ አየር ስለሚስብ እንዲህ ያለውን ሌሊት ከቆሮሶ በተሻለ ይቋቋማል። ደግሞም የታንከሩ ወለል ጠፍጣፋ ስለሆነ ቆሻሻ በማዕዘኖቹ ይከማቻል፤ በስተኋላ ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ ቧንቧው ያዘንብሉት፣ የቧንቧውንም አፍ በወንፊት ይሸፍኑ።

ጠያቂ (አዳማ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሚሰነፍጠውን ትቼዋለሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ቅዝቃዜስ እንዴት ነው?

መልስ 1 (ባቱ)፦
ቆሮሶ ጥሩ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ ምግብ ይቀንሳል። በእነዚያ ወራት ማታ ማታ ታንከሩን ይሸፍኑ፣ መኖውንም ረፋድ ላይ ውሃው ሲሞቅ በጥቂቱ ይስጡ፤ የተረፈው መኖ ወለሉ ላይ በስብሶ ያንኑ አሞኒያ ይጨምራል።